ከቤተ ልሔም ጉባኤ ቤት እስከ ወጣቶች ደሴት

ዛሬ ዛሬ በከተሞቻችን አንድ ፍላጎት ሲያቆጠቁጥ እንመለከታለን። ይኸውም ተማሪዎች በቡድን ተደራጅተው የተማሩትን የባዕድ ቋንቋ ከባለቤቱ ሕዝብ ዘንድ ሄደው እንዲለማመዱ የማድረግ ፍላጎት ነው። አንዱ ለእንግሊዝኛ፣ ሌላው ለቻይንኛ፣ ጥቂቱም ለስፓኒሽ ሲል ሻንጣውን ያዘጋጃል። ስለዚህ ጉዳይ በየሰፈሩ ነዋሪዎች ስብሰባና በየፋብሪካው ደጃፍ የሚነሣው ጥያቄ ግን ስለ ሰዋስው አይደለም። ማን ይሄዳል? በማን ገንዘብ ይሄዳል? ሲመለስስ ለማን ይሠራል? የሚል ነው። ሠራተኛው እንዲህ ብሎ መጠየቁ ትክክል ነው። እኛም ጥያቄውን ከዚያው ከተነሣበት ቦታ እንይዘዋለን።

ጉዞን በጉዞነቱ አንቃወምም። በባሕር ማዶ ተምረን የተመለስን ሰዎች ብንቃወም ግብዝነት ይሆንብናል። የምንቃወመው ጉዞ ሌላ ነው። የከበርቴ ልጆች ለ2 ሳምንት በሆቴል ተቀምጠው፣ የሚያነጋግሩት ሰው አስተናጋጁና አስጎብኚው ብቻ ሆኖ፣ ከሐውልት ሥር ፎቶግራፍ ተነሥተው «ቋንቋ ተለማመድን» ብለው የሚመለሱበትን ጉዞ ነው። እንዲህ ያለው ተጓዥ ይዞ የሚመለሰው የመግዣና የማዘዣ ቃላትን ነው፤ አዝዞና ገዝቶ ከመመለስ ሌላ በዚያ አገር የሠራው ነገር የለምና። የሕዝብን ቋንቋ የሚያውቅ ሕዝቡ የሚሠራውን ሥራ አብሮ የሠራ ነው።

ይህን ለማስረዳት አስቀድመን ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልገንም። በደቡብ ጎንደር፣ በጋይንት ምድር፣ ቤተ ልሔም የሚባል ደብር አለ። የድጓ ምስክር ቤት ነው። በቅዱስ ያሬድ ስም የሚጠራውን ያን ሰፊ የዜማ መጽሐፍ ጠንቅቆ አውቆ መምህር ለመሆን የሚሻ ደቀ መዝሙር ከትግራይ ይነሣ ከሸዋ፣ ከጎጃም ይነሣ ከወሎ፣ እውቀቱን የሚያስመሰክረው ቤተ ልሔም ደርሶ ነው። ለዝማሬና ለመዋሥዕት ወደ ዙር አባ፣ ለአቋቋም ወደ ጎንደር በኣታ እንደሚኬደው ሁሉ፣ ለድጓ ወደ ቤተ ልሔም ይኬዳል። በቀድሞው ልማድ ተማሪው የራሱን ድጓ ብራና ላይ በእጁ ጽፎ፣ ምልክቱን ከነቃሉ ሰድሮ፣ ያን ተሸክሞ ይወጣ ነበር። ይህን ለማድረስ ዓመታት ይፈጃል።

እነዚያን ዓመታት ተማሪው የሚኖረው እንዴት ነው? ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ለውሻ መከላከያ ዘንጉን ይዞ፣ በየገበሬው ደጅ ቆሞ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ነው። ጎጆውን የሚሠራው ራሱ ነው፤ እንጨቱን የሚለቅመው፣ ውኃውን የሚቀዳው ራሱ ነው። የኔታ ፊት ተቀምጦ የሚማረው የግእዙን ዜማ ቢሆንም፣ ከትግራይ የመጣው ልጅ የጋይንትን አማርኛ የሚማረው ከየኔታ ሳይሆን ከገበሬው ደጅ፣ ቁራሽ ከምትሰጠው እናት አፍ ነው። «ቆይ ልጄ፣ ውሻውን ልያዝልህ» ስትለው ሁለት ግሥ ተማረ። ዘሩ ስለ ደረቀበት ሰው፣ ስለ ሞተ በሬ፣ ስለ ዕዳ ሲወራ ሰምቶ የቋንቋውን ሌላ ግማሽ ተማረ። በመጽሐፍ የማይገኘውን ግማሽ ማለታችን ነው።

በዚህ ስንል የዚያን ትምህርት መደባዊ ይዘት ለመሰወር አይደለም። የቤተ ክህነቱ ሥርዓት ከባላባቱ ሥርዓት ጋር ተጣምሮ የኖረ ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን እስከ ታወጀበት ዕለት ድረስ፣ ለተማሪው ቁራሽ የሚሰጠው ገበሬ በብዙ ቦታ ለደብርም ለጌታም የሚገብር ጭሰኛ ወይም ገባር ነበር። ትምህርቱም ለወንድ ብቻ ነበር ማለት ይቻላል፤ የገበሬው ሴት ልጅ ቁራሹን አቅራቢ እንጂ ተማሪ አልሆነችም። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ሆኖም ሰፊው ሕዝብ ከራሱ ጎደሎ ማዕድ ቀንሶ፣ ከየት እንደ መጣ የማያውቀውን ልጅ ለዓመታት አስተማረ። የወጪውን አብዛኛውን የሸፈነው ጋይንቴው ገበሬ ነበር፤ ስሙ በየትኛውም ምስክር ወረቀት ላይ አልተጻፈም።

አሁን ወደ ስፓኒሹ እንመለስ። በሐምሌ 1969 ዓ.ም. የዚያድ ባሬ ጦር ምሥራቃዊውን የኢትዮጵያ ክፍል በወረረ ጊዜ፣ የእናት አገር ጥሪ ተብሎ ገበሬው ከእርሻው፣ ወዝ አደሩ ከፋብሪካው ወጥቶ በታጠቅ ጦር ሰፈር ሠልጥኖ ዘመተ። የኩባ ወታደሮችም ውቅያኖስ ተሻግረው አብረውት ተሰለፉ። የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ካራማራ ላይ ድል ሆነ፤ ጅጅጋም ነፃ ወጣች። በአዲስ አበባ በቸርችል ጎዳና የቆመው የትግላችን ሐውልት በዚያ ጦርነት ለወደቁት ኩባውያን ጭምር መታሰቢያ ነው። ከጦርነቱ በኋላ የቀረው ትልቁ ጥያቄ ግን በሐውልት የሚመለስ አልነበረም። አባቶቻቸው ያልተመለሱላቸው ሕፃናት ነበሩ።

እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ ከ2,000 የሚበልጡ ኢትዮጵያውያን ሕፃናትና ወጣቶች ለትምህርት ወደ ኩባ ተላኩ፤ በኋላም ሌሎች ተከተሏቸው። ብዙዎቹ በዚያ ጦርነት ወላጆቻቸውን ያጡ ነበሩ። የደረሱበት ምድር ፒኖስ ደሴት ይባል የነበረው፣ እ.ኤ.አ. በ1978 ኢስላ ዴ ላ ኹቬንቱድ፣ ማለትም የወጣቶች ደሴት ተብሎ የተሰየመው ነው። የደሴቱ ታሪክ ለብቻው ትምህርት ነው። የእስፓኝ ቅኝ ገዥዎች ወጣቱን ሆሴ ማርቲን እ.ኤ.አ. በ1870 ያጋዙት እዚያ ነበር። የባቲስታ መንግሥትም የሞንካዳን ጥቃት የመሩትን ፊደል ካስትሮንና ጓደኞቻቸውን እስከ 1955 ያሰረው እዚያው ነበር። የግዞትና የእስር ቤት ደሴት የነበረው ነው የዓለም ድኻ ልጆች ትምህርት ቤት የሆነው።

ኑሮው እንዲህ ነበር። ትምህርት ቤቶቹ የተሠሩት በብርቱካንና በቶሮንኻ እርሻ መካከል ነው (ቶሮንኻ የምንለው ከብርቱካን ተለቅ ያለውን፣ መረር የሚለውን ፍሬ ነው)። ቀኑ ለሁለት ይከፈላል፤ እኩሌታው ለክፍል ትምህርት፣ እኩሌታው ለእርሻው ሥራ። ትምህርትና ሥራ አይነጣጠሉም የሚለው ሐሳብ ከማርቲ የተወረሰ ነው። ስለዚህም ሕፃኑ ስፓኒሽን የተማረው ከሰሌዳው ላይ ብቻ አልነበረም። መኮትኮቻውን «ጓታካ» ብሎ የጠራው እጁ ላይ ይዞት ነው። «ትራባኻሞስ» ማለት «እንሠራለን» ማለት እንደ ሆነ ማንም አልተረጎመለትም፤ ሲሠራ ሰማው።

በዚያ ላይ ደግሞ ደሴቱ የኩባውያን ብቻ አልነበረም። የአንጎላ፣ የሞዛምቢክ፣ የናሚቢያና የሌሎችም አገሮች ልጆች በየትምህርት ቤታቸው ነበሩ። ኢትዮጵያዊው ከናሚቢያዊው ጋር ሊጫወት፣ ሊከራከር፣ ሊጣላና ሊታረቅ የሚችለው በስፓኒሽ ብቻ ነበር። የቅኝ ገዥዎች ቋንቋ የነበረው፣ ቅኝ አገዛዝን ለታገሉ ሕዝቦች ልጆች መገናኛ ሆነ። ቋንቋ ራሱ ጌታም ባሪያም አይደለም፤ በማን እጅ እንደ ገባ ነው የሚታየው።

እዚህ ላይ አንድ ጨዋታ እንጨምር። ስፓኒሽ ለአማርኛ ተናጋሪ የሚያስፈራ ቋንቋ አይደለም። እንግሊዞች ምላሳቸውን የሚያሳስራቸው የስፓኒሹ «ኝ» እና «ኸ» በፊደላችን ላይ ከጥንት ተቀምጠው ይጠብቁታል። ግሡም እንደ እኛው ግሥ ባለቤቱን በራሱ ውስጥ ይዞ ይዞራል፤ «እኛ» ሳይባል «እንሠራለን» እንደሚባለው። አናባቢዎቹ 5 ብቻ ናቸው፤ ከሰባቱ የእኛ ቤቶች 2 ያንሳሉ። ለኢትዮጵያዊው ሕፃን የከበደው ዐረፍተ ነገሩ ግሡን ወደ መካከል ማምጣቱ፣ ኩባውያንም ሲናገሩ የቃሉን መጨረሻ «ስ» መዋጣቸው ነው። «ኮምፓኜሮ» የሚለው ቃል ደግሞ፣ ጓድ ብለን የምንተረጉመው፣ ከሥሩ ሲፈታ እንጀራ አብሮ የሚበላ ማለት ነው። በጋይንት ደጅ ቁራሽ ተቀብሎ ለተማረ ሰው ይህን ቃል ማስረዳት አያስፈልግም።

ነገር ግን ሂስ ያለ ግለ ሂስ ባዶ ነው። እነዚያን ወላጅ አልባ ሕፃናት አሳዝኖኝ ላክሁ ያለው መንግሥት፣ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በየከተማው ቀበሌ ደጃፍ የወጣቶችን ደም ያፈሰሰ መንግሥት ነበር። ብዙ ቀበሌዎች የነዋሪው መተባበሪያ መሆናቸው ቀርቶ የጥይት ማዘዣ ሆነው ነበር። ይህን የሚያነቡ የነዋሪ ማኅበራት አባላት ከማንም ይልቅ ያውቁታል። በደሴቱ ካሉት ትምህርት ቤቶች አንዱ በካራማራ፣ ሌላው በመንግሥቱ ኃይለ ማርያም ስም መጠራቱም ያለ ነገር አይደለም፤ የሕዝብ ልጅ በሕዝብ ስም ተልኮ በአንድ ሰው ስም ሥር እንዲማር ተደረገ። ልጆቹ ራሳቸው «ትሄዳላችሁ ወይ?» ተብለው ተጠይቀዋል ለማለትም ያስቸግራል፤ የ8 ዓመት ልጅ ውቅያኖስ ምን እንደ ሆነ በምን ያውቃል?

የቋንቋውም ጉዳይ ሁለት አፍ ያለው ሰይፍ ነው። ኢትዮጵያውያን መምህራን አብረው ሄደው አማርኛውን፣ የአገሩን ታሪክና መልክዓ ምድር ያስተምሯቸው ነበር። ይህ በጎ ሥራ ነበር። ሆኖም እናቱ ያስተማረችው ኦሮምኛ ወይም ሶማልኛ ወይም ሲዳምኛ የሆነ ልጅ በስፓኒሽና በአማርኛ መካከል አድጎ ሲመለስ፣ ከአያቱ ጋር በምን ቋንቋ ይነጋገር? አንድ ቋንቋ ስንጨምርለት ሌላውን ወስደንበት እንደ ሆነ ማን ቆጠረው? በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በአንድ ቋንቋ ብቻ ሳይወሰን እያደር በ15 ቋንቋዎች መካሄዱን ስናስታውስ፣ አገር ውስጥ የታወቀው መርሕ ውቅያኖስ ሲሻገር መዘንጋቱ ይቆጨናል።

ከሁሉ የባሰው የመመለሻው ነገር ነው። ግንቦት 1983 ዓ.ም. የላካቸው መንግሥት ወደቀ። በዚያው ዓመታት ሶቪየት ኅብረት ፈረሰች፤ ኩባም ዳቦ በካርድ የምትቸገርበት ዘመን ውስጥ ገባች። ሐኪም፣ መሐንዲስ፣ መምህር፣ የእርሻ ባለሙያ ሆነው የወጡት ኢትዮጵያውያን የሚቀበላቸው ተቋም የማይታወቅ ሆነ። አንዳንዶቹ እዚያው ቀሩ፤ አንዳንዶቹ ወደ ሌላ አገር ተሻገሩ፤ የተመለሱት ደግሞ አባት በሌለበት ቤት፣ በማያውቃቸው ሰፈር ገቡ። ስፓኒሻቸውን ለማን ይናገሩት? እርስ በርሳቸው ተገናኝተው በኩባ ዜማና በኩባ ቀልድ የሚጽናኑ ሆኑ። «የኩባ ልጆች» እያልን ስንጠራቸው ስሙ የፍቅር ይመስለናል፤ የኛ ልጆች አለመሆናቸውን የሚናገርም ነው።

ስለዚህ ጉዳዩ የትናንት ብቻ አይደለም። አዲስ አበባ የአፍሪካ ኅብረት መቀመጫ ናት፤ ስፓኒሽም ከኅብረቱ የሥራ ቋንቋዎች አንዱ ነው። አየር መንገዳችን በ2010 ዓ.ም. እስከ ቦይነስ አይረስ ድረስ መብረር ጀምሯል። የሠራተኛ ልጅ ይህን ቋንቋ ሊማር ሲፈልግ ግን ክፍያው የሚያስደነግጥ ክፍል እንዲፈልግ ይነገረዋል። በዚያው ቀበሌ፣ ምናልባትም በዚያው ቅያስ፣ ቶሮንኻ እየለቀመ ስፓኒሽ የተማረ፣ አሁን ሽበት የወረረው ጎረቤት አለ። ለዓመታት ሰላምታ ተለዋውጠናል፤ ምን እንደሚያውቅ አልጠየቅነውም።

የነዋሪ ማኅበራት ሊያደርጉት የሚችሉት ከዚህ ይነሣል ብለን እናምናለን። የተማሪ ቡድን ወደ ውጭ ከመላኩ በፊት፣ በየቀበሌው ከኩባ የተመለሱ ሰዎች ይፈለጉ። የስብሰባ አዳራሹ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ባዶውን ከሚውል፣ ሰሌዳና 20 ወንበር ይግባበት። አስተማሪው የልፋቱን ያግኝ፤ በጎ ፈቃድ እያልን ዳግመኛ በነጻ አንበዝብዘው። ከዚያ ክፍል የወጡት፣ ወንድም ሴትም፣ በገንዘባቸው ሳይሆን በትጋታቸው ተመርጠው መጓዝ ካለባቸው ይጓዙ። የሚጓዙትም ለሆቴል ሳይሆን ለእርሻ፣ ለሆስፒታል፣ ለዎርክሾፕ ይሁን፤ ከሚያስተናግዳቸው ሕዝብ ጋር እኩል እየሠሩ ይቆዩ። የሚቀበላቸው ሥራም ገና ሳይሄዱ ይታወቅ፤ በ1983 ዓ.ም. እንደ ሆነው፣ የላከ ሰው ሲወድቅ የተላከው ሜዳ ላይ እንዳይቀር፣ ውሉ ከሹም ጋር ሳይሆን ከትምህርት ቤትና ከሥራ ቦታ ጋር ይሁን።

አንዳንድ ወገን «ይህ ሁሉ ለአንድ ቋንቋ ነው?» ሊለን ይችላል። የጋይንት ገበሬም ለአንድ መጽሐፍ ነው ብሎ ውሻውን ሊለቅ ይችል ነበር።