ዶዘሩ ከመውረዱ በፊት መስመሩ ይቀየስ

ውኃው ታች፣ የመኪና መንገዱ ላይ በሆነበት ቀበሌ መስኖ የሚያለማ አርሶ አደር ችግሩን ያውቀዋል። የውኃ መሳቢያ ሞተሩ በሰው ሸክም ይወርዳል፤ ነዳጁ በጀሪካን በአህያ ይከተላል፤ ሽንኩርቱና ቲማቲሙ ደግሞ ዳገቱን በጀርባ ይወጣል። ነጋዴው የሸክሙን ወጪ ከሽንኩርቱ ዋጋ ላይ ይቀንሳል። ስለዚህ ትራክተር እስከ ውኃው ዳር የሚያደርስ መንገድ ይሠራልን የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። ቅሬታዬ በአሠራሩ ላይ ነው።

ዶዘር ለሁለት ቀን ሲገኝ የሚቀናው አጭሩን መስመር ይዞ ቀጥ ብሎ ቁልቁል መጥረግ ነው። ሥራው ይጠናቀቃል፣ ሪፖርቱም ይላካል። ክረምት ሲገባ ግን ጎርፉ የጎማውን ዱካ ይዞ ይወርዳል፤ በተለይ መረሬ አፈር ላይ መንገድ የተባለው ብዙ ሳይቆይ ቦረቦር ይሆናል። ሕዝቡ በጥርና በየካቲት በዘመቻ የሠራውን እርከን በግንቦት ዶዘር ሰንጥቆት ሲወርድ፣ ሁለቱንም ያቀደው አንድ ወረዳ መሆኑ ይገርማል።

ስሌቱ ከባድ አይደለም። ከላይ እስከ ውኃው ያለው ከፍታ 30 ሜትር ነው እንበል። በ100 ሜትር ቀጥታ ከተወረደ ቁልቁለቱ 30 በመቶ ነው፤ የተጫነ ተሳቢ የሚጎትት ትራክተር ይህን በደኅና አይወርደውም። ተሳቢው ከኋላ ይገፋዋል፤ ማርሽ ፈትቶ የወረደ ሾፌር ደግሞ ፍሬን ብቻውን አያድነውም። ቁልቁለቱ 12 በመቶ እንዲሆን ከተፈለገ መንገዱ እየተጠማዘዘ 250 ሜትር ይረዝማል። ለዚህ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። የቀበሌው የግብርና ባለሙያ እርከን የሚቀይስበት ገመድና ውኃ ልክ ይበቃል፤ በየ5 ሜትሩ 60 ሳንቲ ሜትር ዝቅ እያሉ ችካል መትከል ነው። መጠምዘዣው ላይ ግን ይስፋ፤ ትራክተሩ ቢዞር እንኳ ተሳቢው የውስጡን ጥግ ይቆርጣል።

ከበላይ በኩል የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ሊኖር ይገባል፤ መንገዱንም በየመሐሉ አግድም የሚያቋርጥ በድንጋይ የተነጠፈ ማፍሰሻ። ውኃው የሚለቀቀው ሣር ባለበት ቦታ እንጂ የጎረቤት ማሳ ላይ አይደለም። የተቆረጠው ግድግዳ ቬቲቨር ወይም ደሾ ሣር ቢተከልበት ይይዛል።

ጣና ዳር ሌላም ጣጣ አለ። ሐይቁ በመስከረምና በጥቅምት ሞልቶ፣ ሰኔ መግቢያ ላይ ይጎድላል። በበጋ የውኃውን ጠርዝ አይቶ የተሠራ ማዞሪያ በመስከረም ውኃ ውስጥ ይገኛል። ስለዚህ ትራክተሩ ከሙላቱ ምልክት በላይ ቆሞ ቀሪውን ቱቦ ይድረሰው። ሐይቁ በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ሪዘርቭ ሆኖ የተመዘገበ ነው፤ ነዳጅና ዘይት ጠርዙ ላይ የሚቀዳበት ምክንያት የለም።

ረጅሙ መንገድ መሬት ይበላል፤ ይህን መደበቅ አይቻልም። ከነቦዩ 5 ሜትር ስፋት ቢሰጠው 1 ሺህ 250 ካሬ ሜትር፣ ማለትም ግማሽ ጥማድ ያህል ይወስዳል። ግማሽ ጥማድ ለአንድ አባወራ ቀላል አይደለም። በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 የካሳ ሥርዓት ተደንግጓል፤ ወረዳው በቃል ተስፋ ሳይሆን በዚያ መሠረት አስቀድሞ ይነጋገር። መንገዱን የሚጠቀሙት አርሶ አደሮችም በየዓመቱ ከሰኔ በፊት ቦዩን ማን እንደሚጠርግ ስም ዝርዝር ይዘው ይምጡ፤ ዶዘሩ የሚላከው ከዚያ በኋላ ይሁን።