ደረቅ እንጨት የመሰከረለት አበባ

በአማርኛችን በዛፍ ላይ የበቀለውን ሁሉ «ተቀጽላ» እንለዋለን። ቃሉ ለሰውም ተርፏል፤ ዘመድ ቤት የተጠጋውን፣ ከቀዬው ተፈናቅሎ የመጣውን በዚሁ ስም እንጠራዋለን። ይህን ስም ከሰው ላይ ልናነሳ ይገባል ብለን እናምናለን።

እግዚአብሔር በዛፍ ላይ ያበቀላቸው ሁሉ አንድ ዓይነት አይደሉም። አንዱ ሥሩን በቅርፊቱ ሰርስሮ ያስገባና ዛፉ ከአፈር የሳበውን ውሃ ይጠጣል። ሌላው ኦርኪድ ነው። በአገራችን ደኖች በትልልቅ ዛፎች ቅርንጫፍ ላይ የሚበቅሉ፣ እንደ ፖሊስታኪያና ኤራንጊስ ያሉ ኦርኪዶች አሉ። ሥራቸው ቅርፊቱን ከውጭ ጨብጦ ይይዛል እንጂ የዛፉን ውሃ አይጠጣም። ሥሩን የሸፈነው እንደ ስፖንጅ ያለ ነጭ ልባስ ዝናቡንና ጤዛውን ይስባል። ዛፉ የሚሰጠው መቆሚያ ነው።

ማስረጃ የሚፈልግ አበባ የሚያለሙ ሰዎችን ይመልከት። ቦርከና በክረምት ገፍቶ ዳር እንደሚጥለው ያለ፣ ውሃ ያመጣው ደረቅ እንጨት ወስደው ያጥባሉ። እንደ ወይራ ቶሎ የማይበሰብስ ቢሆን ይመረጣል። ኦርኪዱን አፈር ሳያለብሱ በላዩ ያስቀምጡና በለስላሳ ክር ያስሩታል፤ ውሃም ይረጩለታል። ከወራት በኋላ ሥሩ እንጨቱን ሲጨብጥ ክሩ ይፈታል። ጊዜውም ሲደርስ ያብባል። ያ እንጨት ከሞተ ቆይቷል፤ የሚጠጣ ጠብታ የለውም። አበባው የሚኖረው ተሸካሚውን በልቶ ቢሆን ኖሮ፣ በደረቅ ግንድ ላይ በምን ይኖር ነበር?

ይህ ሩትንና ኑኃሚንን ያስታውሰናል። ኑኃሚን ባሏንና ሁለት ልጆቿን በሞዓብ ቀብራ ስትመለስ ባዶ መቅረቷን በገዛ አፏ ተናግራለች (ሩት 1፥20-21)። ደረቅ እንጨት ማለት እርሷ ነበረች። ሞዓባዊቷ ምራቷ ግን ተጠጋቻት። «ለራሷ ያልሆነች መበለት ሌላ አፍ ይዛ መጣች» ያለ ጎረቤት ቢኖር አይገርምም። ነገር ግን ሩት ኑኃሚንን አልበላቻትም። የሁለቱም እንጀራ የመጣው እግዚአብሔር በሕጉ ለድሀና ለመጻተኛ ካስቀረው ቃርሚያ ነው (ዘሌዋውያን 19፥9-10)። በመጨረሻም ኑኃሚን ሕፃን ታቀፈች።

ወገኖች፣ ደሴና ኮምቦልቻ ይህን ትምህርት በኑሮ ያውቁታል። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ከወልድያና ከቆቦ የተፈናቀሉ ወገኖች በደሴ ትምህርት ቤቶች ተጠለሉ። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ እኛ ሲደርስ ደግሞ ከመካከላችን ብዙዎች ተሰደው የሰው ደጅ ጠኑ። አስጠጊው በጥቂት ወራት ውስጥ ተጠጊ ሆነ። ታዲያ ዛሬ በቧንቧ ውሃም ሆነ በሌላው ሰፈር ኑሮ ሲከብደን፣ በጓሮ ክፍል ያለውን ቤተሰብ «እስከ መቼ?» ብለን ለማየት ምን አፍ አለን?

ጳውሎስ ሥራ ስለማይወዱ ሰዎች የጻፈውን (2 ተሰሎንቄ 3፥10) የሚጠቅስልን አለ። ቃሉን እንቀበላለን። ነገር ግን የሚናገረው መሥራት ስለማይወድ እንጂ ሥራ ስላጣ ሰው አይደለም። ሰርሳሪውና ኦርኪዱ ከሩቅ ሲታዩ አንድ ይመስላሉ፤ የሚለዩት ሥራቸው ሲታይ ነው። ስለዚህ ስም ከማውጣታችን በፊት ቀርበን ሙያውን እንጠይቅ።

ክሩንም አንርሳ። የአንድ ወር ኪራይ፣ ለሥራ የሚሆን ዋስትና፣ ከአሠሪ ጋር ማስተዋወቅ ለስላሳ ክር ነው። ሰውዬው ሲጸና ደግሞ ክሩን እንፍታ፤ ውለታ እየቆጠርን ዕድሜ ልኩን አናሰረው።

«ቤቴ ጠባብ፣ ኪሴም ደረቅ ነው» የምትሉ ቅዱሳን፣ ዝናብ እንድትሆኑ አልተጠየቃችሁም። ዝናቡ የጌታ ነው። ከእኛ የሚፈለገው መቆሚያ መሆን ነው።

ጸጋው ይብዛላችሁ።