ፕላስቲኩ ይቅር፣ ፍሙ ይጋል

ለልደት ወይም ለምርቃት ቤቱን «ትሮፒካል» አስመስሎ መደገስ የሚያምረው ሰው መርካቶ ወርዶ የፕላስቲክ ዘንባባ፣ ሰው ሠራሽ አበባና ባለ አናናስ ሥዕል ፊኛ ሸምቶ ይመለሳል። ከዚያ የሚቀርበው ያው የተለመደው ቀይ ወጥ ነው። ኢትዮጵያ ግን ከምድር ወገብ በስተሰሜን ከ3 እስከ 15 ዲግሪ ገደማ የተዘረጋች፣ ሙሉ በሙሉ በሐሩር ክልል ውስጥ ያለች አገር ናት። አዲስ አበባን ያቀዘቀዛት ከ2,300 ሜትር በላይ የሆነው ከፍታዋ ነው። ሙዙ ከአርባ ምንጭ፣ ነጭ ዓሣው ከጫሞ ሐይቅ፣ ማንጎውም ከቆላው ይመጣል። የራሳችን ቆላ እያለ የሌላ አገር ባሕር ዳርቻ በፕላስቲክ መኮረጅ ለእኔ ትርጉም አይሰጠኝም። ለጌጥ የሚወጣው ብር ለፍምና ለሚጠበሰው ነገር ይዋል ባይ ነኝ።

ይህን የምለው ለቁጠባ ብቻ አይደለም። የራጉኤል ቤተ ክርስቲያንና ታላቁ አንዋር መስጊድ ጎን ለጎን በቆሙበት በአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ ሁሉን ጎረቤት የሚጠራ ሰው በቅድሚያ የሚያሳስበው ሥጋው ነው። ክርስቲያኑ ያረደውን ሙስሊሙ አይበላም፤ ሙስሊሙ ያረደውንም ክርስቲያኑ አይበላም። ባለቤቱ ሁለት በግ ያሳርዳል፤ ሁለት ድስት ይጥዳል፤ እንግዳውም ሳያስበው በሁለት ወገን ይቀመጣል። ይህ የቆየ የመከባበር ወግ በመሆኑ አላጣጥለውም። ሆኖም በሎሚና በሚጥሚጣ ታሽቶ ፍም ላይ የተጠበሰ ቆሮሶ ዓሣ፣ ስኳር ድንች፣ በወቅቱ ከሆነም የበቆሎ እሸት፣ ሁሉም ከአንድ ትሪ የሚያነሳው ምግብ ነው። (አምባዛ ቅርፊት ስለሌለው የማይቀምሰው አይጠፋም፤ ቆሮሶ ይሻላል።) የቆላው ገበታ ለዚህ ሰፈር ከየትኛውም ድግስ በላይ የሚስማማው በዚህ ምክንያት ነው።

«በተጨናነቀ ሰፈር እሳት ማንደድ ዕብደት ነው» የሚለኝ ሰው ተሳስቷል አልልም። በጥቅምት 2017 የመርካቶውን ሸማ ተራ ያጋየው ቃጠሎ ገና አልተረሳም። መልሴ ነበልባሉ ውጭ አልቆ ፍም ብቻ ይቅር የሚል ነው። ምድጃው ከሸራና ከቆርቆሮ ራቅ ብሎ በግቢ ውስጥ ይቀመጥ፤ ባልዲ ውኃ በአጠገቡ ይኑር፤ አንድ ሰውም ከእሱ አይለይ። ግቢ የሌለው ይቅርበት፤ በረንዳ ላይም ሆነ ሳሎን ውስጥ አይሞክረው። የከሰል ጭስ መርዝ ሽታ የለውም፤ ዝናብ መጣ ተብሎ ወደ ቤት የገባ ምድጃ ብዙ ሰው ገድሏል። ምድጃው ራሱ ብዙ ወጪ አይጠይቅም፤ የመርካቶው ምናለሽ ተራ ባለሙያዎች ከአሮጌ ብረት ምድጃ ሲሠሩ ኖረዋል።

ይልቅ የሚከብደኝ የደኑ ጥያቄ ነው። ከሰል ዛፍ ይበላል፤ ይህን በአንድ ድግስ ትንሽነት ማስተባበል አይቻልም። ቢሆንም ለሁለት ድስት ወጥ ቀኑን ሙሉ ከሚነደው ይልቅ ዓሣ በደቂቃዎች ይበስላል። በአፋር የግጦሽ መሬቱን ከወረረው ፕሮሶፒስ ከተባለ መጤ ዛፍ የተከሰለ ከሰል ከተገኘ ደግሞ ከግራር ከሰል እሱን መምረጥ ነው። የሚቀረው ቀኑ ነው። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር ገና ስላልተቋጨ የጾም ወቅቶችን፣ ረቡዕንና ዓርብን ትቶ ቅዳሜ ወይም እሑድ መጥራት ይበጃል።