ፉክክሩን ማን ገራው?

ፌርማታ ላይ ቆሞ የሚያውቅ ሁሉ ያየዋል። አንዱ ሹፌር ተሳፋሪ ለመሻማት ይከንፋል፤ ሌላው ወንበሩ እስኪሞላ ይንፏቀቃል። «ስግብግቦች!» ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። መምህር ለመሆን የምንሠለጥን ግን ከስድብ ይልቅ ምክንያት መፈለግ ይገባናል።

እስቲ በሜክሲኮ የምትገኘውን የኩዌርናቫካን ከተማ እንመልከት። በ1990ዎቹ ማብቂያ በዚያች ከተማ አውቶቡሶችን የሚያሰማራ ኩባንያም ሆነ የጊዜ ሰሌዳ አልነበረም። አውቶቡሱ የሹፌሩ ንብረት ሲሆን ገቢውም በጫነው ሰው ልክ ነበር። ታዲያ እንደሚጠበቀው ትርምስ አልሆነም። ለምን ቢባል፣ አውቶቡሶች ያለፉበትን ሰዓት በየመንገዱ እየመዘገቡ ለሹፌሮች የሚሸጡ ሰዎች ነበሩ። የፊተኛው ገና አሁን ማለፉን የሰማ ሹፌር ተሳፋሪ እስኪጠራቀም ዝግ ይላል፤ ካለፈ ከቆየ ደግሞ የኋለኛው እንዳይቀድመው ይፈጥናል።

ክርባሌክና ሼባ የተባሉ የቼክ ተመራማሪዎች በ4 ቁጥር መስመር ላይ በ27 ቀን የተመዘገቡ 3500 ያህል የመድረሻ ሰዓቶችን መረመሩ። በ2000 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናትም፣ በአውቶቡሶቹ መካከል ያለው የጊዜ ልዩነት ፊዚክስ የውስብስብ ኳንተም ሥርዓቶችን የኃይል ደረጃዎች ለመግለጽ ከሚጠቀምበት ቀመር ጋር እንደሚገጥም አሳዩ።

ይህ ለተሳፋሪው ምን ይፈይዳል? አውቶቡስ በአማካይ በየ5 ደቂቃው ይመጣል እንበል። አንዱ ስለ ሌላው ሳያውቅ በዘፈቀደ ቢመጡ፣ ተሳፋሪው በአማካይ 5 ደቂቃ ይጠብቃል። ልክ በሰዓታቸው ቢመጡ 2 ደቂቃ ተኩል ይጠብቃል። በኩዌርናቫካው ቀመር ግን 3 ደቂቃ ያህል ብቻ!

እንግዲህ ፉክክሩን የገራው ቁጣም ምክርም አይደለም፤ እርሳስና ወረቀት የያዘ ሰው ነው። እርግጥ ቀመሩ ስለ ሹፌሩ ድካምም ሆነ ስለ መንገድ አደጋ የሚነግረን የለም። ሞዴል የሚያሳየውንና የማያሳየውን መለየትም ራሱ ትምህርት ነው።

በእኔ አስተያየት ተማሪ ሂሳብን የሚፈራው አእምሮው ደክሞ ሳይሆን፣ ቁጥሩ ከጥቁር ሰሌዳው ወርዶ መንገድ ላይ ሲሄድ አይቶት ስለማያውቅ ነው። ስለዚህ ሠልጣኝ ወንድሞችና እህቶች፣ ለማስተማር ልምምድ ስትወጡ ተማሪዎቻችሁን ሰዓትና ደብተር አስይዛችሁ ለአንድ ሰዓት ፌርማታ ላይ አቁሟቸው። የታክሲውን መምጫ ይመዝግቡ፤ ልዩነቱን ይቀንሱ፤ አማካዩን ያውጡ፤ ግራፍ ይሥሩ። መምህራኖቻችንስ ይህን በትምህርት ዕቅዳችን ውስጥ ብናስገባው ምን ይላሉ?