እውነተኛውን ማርክ ለሚጽፍ መምህር ማን ይቁምለት?

ለኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ትምህርት ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

የተከበራችሁ የሥራ ኃላፊዎች፣

የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች እንዲሰጥ የወሰናችሁት ኩረጃን ለማስቆም ነበር፤ ደግ አደረጋችሁ። ከ896 ሺህ በላይ ከተፈተኑት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ሆኑ። በ2017 ዓ.ም. ውጤቱ ቢሻሻልም ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከ8.4 በመቶ አላለፉም። እነዚህ ልጆች ግን 12ኛ ክፍል የደረሱት በየዓመቱ ካርዳቸው ላይ «ተዛውሯል» እየተባለ ነው። ካርዱን የሞላው መምህር፣ ፈርሞ የተቀበለው ወላጅ ነው።

ለምን እንዲህ ይሞላል? ውሃ ቀድታ፣ ታናናሾቿን አብልታ፣ በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ክፍል የምትደርስ የ5ኛ ክፍል ልጅ አስቡ። ሒሳብ 31 አመጣች። መምህሩ 31 ብሎ ቢጽፍ ልትደግም ትችላለች፤ በገጠር የደገመች ልጅ ደግሞ ብዙ ጊዜ ቤት ትቀራለች፣ ሲብስም 18 ዓመት ሳይሞላት ትዳራለች። 50 ብሎ ቢጽፍላት ማካፈል ሳትችል 6ኛ ክፍል ትገባለች። የቱንም ቢመርጥ የምትጎዳው እሷ ናት። ይህን የሚወስነው ማታ ቤቱ፣ ሮስተሩን ዘርግቶ፣ ብቻውን ነው። በብዙ ትምህርት ቤቶች ርዕሰ መምህሩ የሚጠይቀው ስንቱ ደገመ፣ ስንቱ አቋረጠ ብሎ ነው፤ እሱንም ወረዳው የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። ልጅቷ ምን አወቀች ብሎ የሚጠይቅ የለም።

ወላጅም ተጨንቋል። ደረጃ የወጣ ልጁ አንድ ገጽ አቀላጥፎ ማንበብ ሲያቅተው ያያል። «ይድገምልኝ» ቢል ልጁ ከእኩዮቹ ፊት ያፍርበታል። የክፍሉ መምህር ራሱ ማታ በክፍያ ቱቶር ሲሆን ደግሞ ገንዘቡ ለጥናቱ ይሁን ለማርኩ ይምታታበታል፤ ልጁ የሚውለው በእሱ እጅ ነውና ደፍሮ አይጠይቅም። መምህሩን ለመውቀስ አልቸኩልም፤ የቤት ኪራይ ከፍሎ ከደመወዙ ምን እንደሚተርፈው ታውቁታላችሁና።

የምለምናችሁ ሌላ የሥልጠና ሞጁል እንድታወርዱልን አይደለም። የደጋሚና የአቋራጭ ቁጥር የመምህር የሥራ አፈጻጸም መመዘኛ አይሁን። 31 ያመጣችው ልጅ ክረምቱን በነጻ ተምራ መስከረም ላይ እንደገና የምትፈተንበት መመሪያ ይውጣ፤ ለሚያስተምራትም ይከፈለው። መምህር የራሱን ክፍል ተማሪ በክፍያ እንዳያስጠና ይከልከል፤ ከክልከላው በፊት ግን ኑሮው ይታይለት። የወላጅና የመምህር ስብሰባም ከመዋጮና ከአጥር ሥራ አልፎ፣ ልጁ ምን እንዳወቀና ምን እንደጎደለው ሁለቱ ወገኖች ሳይፈራሩ የሚነጋገሩበት ይሁን።

ከሁሉም በላይ፣ ማርክ ጨምር ተብሎ እንቢ ያለ መምህር የሚያመለክትበት ቦታ ስጡት፤ በዚህ ምክንያት ከሥራ ቦታው እንደማይዛወርም በጽሑፍ አረጋግጡለት። በሰኔ ሮስተር ከመሞላቱ በፊት ምላሻችሁን እንጠብቃለን።

ከአክብሮት ጋር፣
መምህርም ወላጅም ከሆነ ዜጋ