የመዋኛ ገንዳ እድሳት፦ ከውሃው በፊት የሚፈሰው ገንዘብ

«መዋኛ ገንዳ ያለው» የምትለዋ ሐረግ በአዲስ አበባ የቪላ ኪራይ ገበያ ዋጋ አላት። በቦሌም ሆነ በኦልድ ኤርፖርት ደላላው ቤት ሲያስጎበኝ ከሳሎኑ ቀጥሎ ደንበኛውን የሚወስደው ወደ ጓሮው ነው። ችግሩ የሚመጣው የገንዳው ሴራሚክ የረገፈ፣ ልስኑ የተላጠ፣ ውሃውም አረንጓዴ የሆነ እንደሆነ ነው። ያን ጊዜ ገንዳው ዋጋ መጨመሩ ይቀርና ዋጋ ማስቀነሻ ይሆናል። ተከራዩ ከኪራዩ ያስቀንሳል፤ ገዢው ደግሞ «ይህን ለማደስ ስንት ይፈጃል?» እያለ ከዋጋው ይቆርጣል። ባለቤቱም በጥድፊያ ተቋራጭ ፍለጋ ይወጣል።

ገንዘቡ መፍሰስ የሚጀምረውም እዚህ ላይ ነው። ባለቤቱ ሦስት ፕሮፎርማ ይሰበስባል፤ ሦስቱንም ያነጻጽራል፤ ዝቅተኛውን ይመርጣል፤ ከጠቅላላው ዋጋ ግማሹን ወይም ከዚያ በላይ ቀብድ ይከፍላል። በነጋዴ ዓይን ሲታይ ጥንቃቄ የተሞላበት አሠራር ይመስላል። ነገር ግን በገንዳ እድሳት ገበያ ዝቅተኛው ዋጋና ትልቁ ቀብድ አንድ ላይ ሲገናኙ ባለቤቱን ለኪሳራ፣ ደህናውን ባለሙያ ደግሞ ከገበያ ለመውጣት ይዳርጋሉ።

«ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ» እንዲሉ የነገሩን ሥር ማየት ይገባል። አሜሪካዊው የኢኮኖሚ ምሁር ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ያገለገሉ መኪናዎችን ገበያ ምሳሌ አድርገው ባሳተሙት ጽሑፍ ያመለከቱት ቀላል ነገር ነው። ገዢው ደህናውን መኪና ከብልሹው መለየት ካልቻለ ለሁሉም የሚሰጠው አማካይ ዋጋ ነው። በአማካይ ዋጋ ደግሞ ደህና መኪና ያለው ሰው አይሸጥም። ስለዚህ በገበያው ውስጥ የሚበዛው ብልሹው ይሆናል። በዚህ መስክ ላበረከቱት ሥራ ምሁሩ እ.ኤ.አ. በ2001 ከሁለት ባልደረቦቻቸው ጋር የኖቤል ሽልማት ተጋርተዋል። የመኪና ደላላ ግን ይህን ያለ ኖቤልም ያውቀዋል።

የገንዳ እድሳት ከመኪናው ይብሳል፤ የሥራው ዋና ክፍል የሚሸፈን ነውና። ደንበኛ ባለሙያ መጀመሪያ ገንዳውን በመዶሻ እያንኳኳ ይዞራል። ባዶ ድምፅ የሚሰጠው ቦታ ልስኑ ከግድግዳው የለቀቀበት ነው። ያን ሁሉ አንስቶ፣ ስንጥቁን ከፍቶና ሞልቶ፣ የቧንቧ አፎችን ዙሪያ አጥብቆ፣ የውሃ መከላከያውን ደርቦ ቀብቶና አድርቆ ነው ወደ ሴራሚኩ የሚሄደው። ሌላው በለቀቀው ልስን ላይ አዲሱን ይደርብበታል። ሁለቱ ገንዳዎች በርክክብ ዕለት አንድ ዓይነት ሰማያዊ ናቸው። በፕሮፎርማው ላይ ግን የመጀመሪያው ውድ፣ ሁለተኛው ርካሽ ሆኖ ይታያል። ባለቤቱ በዋጋ ብቻ ከመረጠ የሚመርጠው ሁለተኛውን ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው እርምጃ ዋጋ መጠየቅ ሳይሆን መለካት ነው። 10 ሜትር በ5 ሜትር የሆነ፣ ጥልቀቱ በአማካይ 1 ሜትር ተኩል የሆነ ገንዳ እንውሰድ። ወለሉ 50፣ ግድግዳው 45፣ በድምሩ 95 ካሬ ሜትር ነው። የሚይዘው ውሃ 75 ሺህ ሊትር ይሆናል። «ገንዳውን በሙሉ በዚህ ያህል» የሚል ፕሮፎርማ እና ልስን ማንሳቱን፣ ስንጥቅ መሙላቱን፣ የውሃ መከላከያውን፣ ሴራሚኩን፣ የፓምፕና የፊልተር ሥራውን በየካሬውና በየዓይነቱ የዘረዘረ ፕሮፎርማ ለውድድር አብረው ሊቀርቡ አይገባም። የሁለቱ ዋጋ የሁለት የተለያዩ ዕቃዎች ዋጋ ነውና።

ሁለተኛው እርምጃ ገንዳው በርግጥ የሚያፈስ መሆኑን ማወቅ ነው። ለዚህ ተቋራጭ አያስፈልግም፤ አንድ ባልዲ ይበቃል። ባልዲው በውሃ ተሞልቶ በገንዳው ደረጃ ላይ ይቀመጣል፤ የባልዲውና የገንዳው ውሃ ልክ ምልክት ይደረግባቸዋል፤ ከ24 ሰዓት በኋላ ይታያሉ። ፀሐይና ነፋስ የሚወስዱት ከሁለቱም እኩል ነው። የገንዳው ከባልዲው በልጦ ከቀነሰ ልዩነቱ ፍሳሽ ነው። ፓምፑ ሲሠራ ፍሳሹ የሚጨምር ከሆነ ደግሞ ጥርጣሬው ከልስኑ ወደ ቧንቧው ይዞራል። ቧንቧው ለሚያፈስ ገንዳ አዲስ ሴራሚክ መለጠፍ ለታመመ ሰው አዲስ ልብስ እንደ መግዛት ነው።

በምሳሌው ገንዳ በቀን አንድ ሴንቲ ሜትር ብቻ ቢቀንስ 500 ሊትር ነው። በወር 15 ሺህ ሊትር ይሆናል፤ ይኸውም 10 ሺህ ሊትር የሚይዝ ቦቴ አንድ ተኩል ማለት ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ይህ ቀላል ወጪ አይደለም። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው በወንዝ ብቻ አይደለም።

ወደ ቀብዱ እንመለስ። ተቋራጮች ትልቅ ቀብድ የሚጠይቁበት አንድ እውነተኛ ምክንያት አላቸው። ፓምፑ፣ የፊልተሩ ዕቃ፣ የውሃ መከላከያው፣ አብዛኛውም የገንዳ ሴራሚክ ከውጭ የሚመጣ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር ተሻግሯል። ከዚያ በፊት በነበረ ዋጋ የተዋዋለ ተቋራጭ የደረሰበትን ነጋዴ ሁሉ ያውቀዋል። ዕቃውን ዛሬ ገዝቶ ማስቀመጥ የሚፈልገው ስለዚህ ነው።

ይሁን እንጂ ቀብዱ ሌላ ሥራም ይሠራል። ለምሳሌ ያህል ውሉ 1 ሚሊዮን ብር፣ ቀብዱ 600 ሺህ ብር ነው እንበል። በመጀመሪያው ሳምንት የተሠራው ልስን የማንሳት ሥራ ከሆነ ዋጋው 100 ሺህ ብር ላይሞላ ይችላል። ቀሪው 500 ሺህ ብር ባለቤቱ ለተቋራጩ ያለ ወለድና ያለ መያዣ ያበደረው ገንዘብ ነው። ነጋዴው ራሱ ከባንክ ሲበደር ቤቱን ያስይዛል፤ ለተቋራጩ ሲያበድር ግን የሚይዘው የሞባይል ቁጥር ብቻ ነው። ይህ ብድር በሌላ ሰፈር በገንዘብ እጦት ለቆመ ሥራ ሊውል ይችላል። ቀጣዩ ደንበኛ ቀብድ ካልከፈለ ደግሞ የዚህኛው ሥራ ይቆማል። ጥፋቱ የግድ ከአጭበርባሪነት የሚመነጭ አይደለም፤ ያለ መነሻ ገንዘብ የሚሠራ ንግድ ጠባይ ነው።

መፍትሔው የዕቃን ዋጋ ሥጋት ከእጅ ሥራ ጥራት ሥጋት መለየት ነው። ዕቃውን ባለቤቱ ራሱ፣ በተለካው መጠን፣ በደረሰኝ ይግዛ። ለ95 ካሬ ሴራሚክ ለስብራትና ለቆረጣ 10 በመቶ ቢጨመር 105 ካሬ ገደማ ይበቃል። የውሃ መከላከያው ስንት ካሬ እንደሚሸፍን በከረጢቱ ላይ ተጽፏል፤ ባዶ ከረጢቶቹ ሳይጣሉ ይቆጠሩ። የምንዛሪ ዋጋ ቢወጣ ተቋራጩን አይነካውም፤ ስለዚህ ለትልቅ ቀብድ ያለው ምክንያት ይቀራል። እምቢ የሚል ቢኖር ገንዘቡን ለሌላ ጉዳይ ይፈልገው እንደሆነ ባለቤቱ ሊጠይቅ ይገባል።

«እኔ ነጋዴ ነኝ፤ ሲሚንቶና ቧንቧ ሳሳድድ አልውልም፤ ከነዕቃው ይሠራልኝ» የሚል ይኖራል። ክርክሩ ሚዛን አለው፤ ጊዜም ገንዘብ ነው። ግን ከነዕቃው የሚሰጥ ሥራ የሚያዋጣው ተቋራጩ የባንክ ዋስትና ማቅረብ ሲችል ነው። በትላልቅ የግንባታ ሥራዎች ቅድሚያ ክፍያ የሚሰጠው በዋስትና ነው። ለጓሮ ገንዳ ዋስትና የሚያቀርብ ተቋራጭ ካልተገኘ፣ ዕቃ ለመግዛት የሚጠፉት ሁለት ቀናት የዋስትናው ዋጋ ናቸው።

የእጅ ዋጋው ደግሞ በጊዜ ሳይሆን በፈተና ይከፈል። የመጀመሪያው ክፍያ የለቀቀው ልስን ተነስቶ ባለቤቱ በመዶሻ ካንኳኳ በኋላ ነው። ሁለተኛው የውሃ መከላከያው ደርቆ ገንዳው ያለ ሴራሚክ ተሞልቶ ጥቂት ቀናት ውሃ መያዙ ሲረጋገጥ ነው። «75 ሺህ ሊትር ውሃ ለሙከራ?» የሚል ተቃውሞ ይነሳ ይሆናል። ውሃው ውድ ነው። ፍሳሹ ሴራሚኩ ከተለጠፈ በኋላ ከተገኘ ግን ሴራሚኩ፣ ማጣበቂያውና የግንበኛው ጉልበት ከውሃው ጋር አብረው ይሄዳሉ። ሦስተኛው ክፍያ ፓምፕና ፊልተሩ ሲሠሩ ነው። የመጨረሻው፣ ለምሳሌ ከእጅ ዋጋው አሥር በመቶ፣ አንድ ክረምት እስኪያልፍ ይያዝ።

ክረምቱ የተጠቀሰው ያለ ምክንያት አይደለም። በቦሌና በአካባቢው ያለው መረሬ አፈር ዝናብ ሲጠጣ ያብጣል፤ በበጋ ይሰነጠቃል። ገንዳውን የሚፈትነው ይህ ነው። ከዚህም በላይ የከርሰ ምድር ውሃ ከፍ ባለበት ቦታ ባዶ ገንዳ ከሥሩ ወደ ላይ ይገፋል፤ ሊሰነጠቅም ሊነሳም ይችላል። ስለዚህ ገንዳ በሐምሌና በነሐሴ አይደርቅም። ይሁን እንጂ የውጭ አገር ተከራዮች የሚለዋወጡት ብዙውን ጊዜ በእነዚሁ ወራት ስለሆነ ባለቤቶች የሚጣደፉትም ያኔ ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ የሚሠራ ሰው የሚደራደርበት ጊዜም፣ የሚያደርቅበት ፀሐይም አለው።

ሕጉስ? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 3039 የማይንቀሳቀስ ንብረት ሥራ ተቋራጭ ከርክክብ ጀምሮ ለ10 ዓመት ስለ ሥራው ደህንነትና ጽናት ዋስ እንዲሆን ያዛል። የእድሳት ሥራ በዚህ ምን ያህል እንደሚጠቃለል ጠበቆች ሊከራከሩ ይችላሉ። ነገር ግን ክርክሩ የሚጀመረው ተቋራጩ ሲገኝና ውሉ በጽሑፍ ሲሆን ነው። «ያለ ደረሰኝ ከሆነ 15 በመቶው ቫት ይቀርልዎታል» በሚል ማባበያ የተስማማ ባለቤት ከመንግሥት ድርሻ ጋር የራሱንም ማስረጃ አስቀርቷል።

ለደላላውም ድርሻ አለው። ገንዳ ያለው ቤት ሲያሻሽጥ የ24 ሰዓቱን የባልዲ ሙከራ ውጤት ይዞ የሚቀርብ ደላላ ከገዢው ጋር በግምት አይከራከርም። ከሁሉ የሚጠቀመው ግን ደህናው ባለሙያ ነው። ሥራው ከመሸፈኑ በፊት የሚለካና የሚፈተን ከሆነ ዋጋው ለምን ከፍ እንዳለ ማስረዳት አይቸግረውም። ፈተና የሌለበት ገበያ ርካሹን ይሸልማል፤ የርካሹም ሒሳብ የሚታወቀው ገንዳው ሲሞላ ነው። ባለቤቱ ከመክፈሉ በፊት ይሙላው።