«ስንት ወርሽ ነው?» አይባልም!

አንበሳ አውቶቡስ ውስጥ ነው። የሥራ መውጫ ሰዓት ስለሆነ ሰው በሰው ላይ ተጠጋግቶ ቆሟል። ከመካከላችን የአንዷ ታላቅ እህት በአንድ እጇ ብረቱን ይዛ፣ በሌላው ቦርሳዋን አቅፋ ቆማለች። አንድ ጨዋ ሰው ቀና ብሎ አያትና ከመቀመጫው ብድግ አለ። «ነይ እህቴ፣ ተቀመጪ፤ በዚህ ሁኔታሽ አትቁሚ።» አጠገቡ የነበሩት እናትም ጠጋ እያሉላት «ስንት ወርሽ ነው የኔ ልጅ?» አሏት።

ልጇ ቤት ውስጥ ስምንተኛ ወሩን ይዟል።

ምን ትበል? «አላረገዝኩም» ብትል ሰውየው ያፍራል፣ እናትየዋ ይደነግጣሉ፣ አውቶቡሱ በሙሉ ዞሮ ሆዷን ያያል። «አምስት» አለችና ተቀመጠች። እስከ ሜክሲኮ ድረስ ስለ ሁለተኛ ልጅ ምክር ስትሰማ ሄደች። ማታ ይህንን ስታወራልን ሳቅን። እሷም ሳቀች። ከዚያ ሳቋን መሃል ላይ አቋርጣ ወደ መጸዳጃ ቤት ሮጠች። ለካስ በሳቀች፣ በሳለች፣ ባስነጠሰች ቁጥር ሽንት ያመልጣታል። ስምንት ወር ሙሉ ለማንም ትንፍሽ አላለችም።

ይኼ ጽሑፍ የዚያን ምሽት ንዴት ውጤት ነው። የተናደድነው በአውቶቡሱ ሰውዬ አይደለም (ቦታ የሚለቅ ሰው ይባዛልን!)። የተናደድነው ከወለደች በኋላ ሆዷን ያየ ሁሉ አስተያየት ሲሰጣት፣ አንድም ሰው ሆዷን ሳይመረምርላት በመቅረቱ ነው።

እስቲ ከቃሉ እንጀምር። «ቦርጭ!» ወንድ ላይ ሲሆን ቀልድ ነው። «ደልቶታል» ይባላል፤ ባለቤቱም ሆዱን መታ መታ እያደረገ ይስቃል። ሴት ላይ ሲሆን ግን ፍርድ ነው፦ ሰነፍ ናት፣ ራሷን ጥላለች፣ ሆዳም ናት። በእናቶቻችን ጊዜ «ወፈርሽ» ማለት «ተስማማሽ» ማለት ነበር። ዛሬ ሰላምታው «ወፈርሽ» ሆኖ፣ አስከትሎ ዓይኑ ቁልቁል ከእምብርት በታች ይወርዳል። የልጅቷ እጅና እግር እንጨት አክሎ እንኳን ሆዷ ትንሽ ወጣ ካለ «ቦርጫም» ናት።

ከእምብርት በታች ያለው ጉብታ ግን ሁልጊዜ ስብ አይደለም። ስብ ቢሆን እንኳን ሰውነታችን ስብን ከወገብ በታች ማስቀመጥ ይወዳል፤ ይኼ የስንፍና ምልክት ሳይሆን ሴት የመሆን አንዱ መልክ ነው። የወለደች ሴት ላይ ደግሞ ብዙ ጊዜ ነገሩ የጡንቻ ነው።

በአጭሩ እንዲህ ነው። ሆዳችን ፊት ለፊት ከጎድን አጥንት እስከ ዳሌ ቁልቁል የሚወርዱ ሁለት ጡንቻዎች አሉ፤ የጂም ልጆች «ሲክስ ፓክ» የሚሉት ማለት ነው። በጎንና በጎን በሰያፍ የተደረቡ ሌሎች አሉ። ከሁሉም ሥር ወገብን እንደ መቀነት ዙሪያውን የሚጠመጥም ጠለቅ ያለ ጡንቻ አለ። ከታች ደግሞ ፊኛን፣ ማህፀንንና ፊንጢጣን ደግፎ የያዘው የዳሌ ወለል ጡንቻ አለ። ስንስል፣ ዕቃ ስናነሳ፣ ስንስቅ እነዚህ ሁሉ ተባብረው ነው የሚሠሩት። ሁለቱን የፊት ጡንቻዎች መሃል ለመሃል እንደ ስፌት የሚያያይዝ ጅማት መሰል መስመር አለ። ልጅ ሲያድግ ይኼ ስፌት ይለጠጣል፣ ይሳሳል፤ ጡንቻዎቹም ግራና ቀኝ ይራራቃሉ። ሐኪሞች «ዲያስታሲስ ሬክታይ» ይሉታል።

የስንት ሴት ችግር ነው? ኖርዌይ ውስጥ የመጀመሪያ ልጃቸውን ያረገዙ 300 ሴቶችን ተከታትሎ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት አለ። በወለዱ በ6 ሳምንታቸው ከ100ው 60 ያህሉ ላይ ክፍተቱ ተገኝቷል። ከአንድ ዓመት በኋላም ከሦስት ሴቶች አንዷ ጋ አልተዘጋም። ከሦስት አንድ! ይኼን ሁሉ ሴት «ሰነፍ» ብለን እንፍረድባት?

ለማስፈራራት አይደለም የጻፍነው። ክፍተቱ ብቻውን በሽታ ነው ማለት አይደለም። ያው ጥናት ክፍተቱ ያለባቸው ሴቶች ከሌሎቹ የበለጠ የወገብ ሕመም አለባቸው ብሎ አላገኘም። የሽንት ማምለጡም የዳሌ ወለሉ ጉዳይ እንጂ የዚህ ክፍተት አይደለም። ሁለቱ ግን በአንድ እርግዝና የተጎዱ ጎረቤታሞች ናቸው፤ አንዱን የሚያይ ባለሙያ ሌላውንም መጠየቅ ነበረበት።

እህታችንን ማን ጠየቃት? በሄደችበት ጤና ተቋም አንድ ባለሙያ ከወንበሩ ሳይነሳ «ቦርጭ ነው፤ ስፖርት ሥሪ» አላት። ሠራቻ! ስልኳ ላይ ያገኘችውን ቪዲዮ ከፍታ በቀን 100 ሲትአፕ። በተነሳች ቁጥር ከሆዷ መሃል እንደ ቤት ጣሪያ ሹል ያለ ነገር ጉብ ይላል፤ ከታችም ያመልጣታል። «እየሠራ ነው ማለት ነው» ብላ 150 አደረገችው።

ሲትአፕ መርዝ ነው አላልንም። ድሮ ለወለደች ሴት ጨርሶ ይከለከል ነበር፤ ዛሬ ባለሙያዎቹ ራሳቸው ያን ክልከላ እያላሉት ነው። ነገር ግን ሆድ መሃሉ እንደ ጣሪያ እየሾለ፣ ሽንት እያመለጠ ከሆነ ሰውነት «ገና ነኝ» እያለ ነው። ጣሪያ ከማቆም በፊት መሠረት ይጣላል። መሠረቱ ደግሞ ትንፋሽን እያወጡ ያንን መቀነት መሰል ጡንቻ ቀስ ብሎ ወደ ውስጥ መሰብሰብና የዳሌ ወለሉን ሽንት እንደሚይዙ ያህል ወደ ላይ ሳብ አድርጎ መልቀቅ ነው። ሁለተኛውን አሜሪካዊው ሐኪም አርኖልድ ኬግል እ.ኤ.አ. በ1948 ጽፎበት በስሙ «ኬግል» ተብሎ ቀርቷል። ላብ የለውም፣ ፎቶ አይወጣበትም፣ ቢያንስ ሦስት ወር ይፈልጋል። ለዚህ ይሆናል ማንም የማይሸጠው!

ሲትአፕ የሆድ ስብ ለይቶ ያቃጥላል የሚለውም ተረት ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ አንድ አነስተኛ ጥናት ሰዎችን ለ6 ሳምንት የሆድ ስፖርት ብቻ አሠርቶ ለካቸው። ጡንቻቸው ጠነከረ፤ የሆዳቸው ስብ ግን ካልሠሩት ሰዎች የተለየ አልቀነሰም።

የሚሸጠውንማ ሁላችንም እናውቀዋለን። መርካቶ ብትሄዱ፣ ቴሌግራም ብትከፍቱ፣ «በ10 ቀን ቦርጭ ደህና ሰንብት» የሚል አይጠፋም። የወገብ ማጥበቂያው ኮርሴት አለ፤ ሲለብሱት ሆድ ይገባል፣ ሲያወልቁት ይመለሳል። ትንፋሽ እስኪያጥር ከተጠበቀ ደግሞ ግፊቱ የትም አይጠፋም፤ የደከመው የዳሌ ወለል ላይ ይወርዳል። የማቅጠኛ ሻዩ አለ፤ ብዙዎቹ ውስጥ ያለው ሆድ የሚያስቀምጥ ቅጠል ነው። የሚወጣው ውኃና ሰገራ ነው፤ ስቡ ቦታውን አልለቀቀም። ሻጩ ግን ያውቅብናል፤ የሚሸጥልን ቀበቶ ሳይሆን እፍረታችንን ነው።

«መቀነት እኮ የእናቶቻችን ነው» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው። እናቶቻችን ሲወልዱ ወገባቸውን በመቀነት ያስሩ ነበር። ነገር ግን መቀነቱ ብቻውን አልመጣም። አጥሚቱ ነበረ፣ ገንፎው ነበረ፣ «አራስ ናት፣ አትነሳ» የሚል ጎረቤት ነበረ፣ ጀሪካኑን የሚሸከምላት ሰው ነበረ። እኛ መቀነቱን በኮርሴት ስም ከሱቅ ገዝተን ዕረፍቱን ጣልነው። (ያ ዕረፍት ለሁሉም ነበር ብለንም አንዋሽም። በወለደች በሳምንቷ ውኃ የቀዳችና እንጨት የተሸከመች የገጠር እናት ብዙ ናት። ማህፀኗ ወደ ታች ወርዶባት በእፍረት ዓመታትን የደበቀችም አለች።)

«ሕዝቡ በኑሮ ውድነት እየተቃጠለ እናንተ ስለ ቦርጭ ትጽፋላችሁ?» የምትሉን ትኖራላችሁ። እንመልስላችሁ። ሽንት ስለሚያመልጣት ስግደት ያቆመች ሴት አለች። ውዱዕዋ እየፈረሰባት ሶላቷ የሚጨናነቅባት አለች። ታክሲ ለመያዝ መሮጥ ያቃታት፣ ሠርግ ላይ እስክስታ እየወደደች የምትቀመጥ አለች። ባሏ ሲጠጋት የምትሸሽ አለች። ይኼ የመልክ ጉዳይ ነው? ዳይፐር የምትገዛው ለልጇ ብቻ ያልሆነች እናትስ ኑሮ ውድነቱ አይነካትም?

መፍትሔው ሩቅ አይደለም። ፈረንሳይ ውስጥ የወለደች ሴት የዳሌ ወለል ማጠናከሪያ ክትትል ይታዘዝላታል፤ የጤና መድኅኑም ይከፍልላታል። ፈረንሳይን እንሁን አላልንም። የቤታችንን እናውቃለን። እ.ኤ.አ. በ2019 በወጣው የአገራችን የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከወለዱ በሁለት ቀን ውስጥ ምርመራ ያገኙት ከ100 እናቶች 34ቱ ብቻ ነበሩ።

ነገር ግን አንድ የተከፈተ በር አለ። ክትባት! ሕፃን በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንቱ ጤና ጣቢያ ይወሰዳል። ማን ነው ይዞት የሚሄደው? እናቱ! ልጁ ይመዘናል፣ ይወጋል፣ ካርዱ ይሞላል። እሷስ? እንደ ሕፃኑ ማመላለሻ ወንበር ላይ ትቀመጣለች። የምንጠይቀው አምስት ደቂቃ ነው። «ስትስቂ ያመልጥሻል? ከታች የሚወርድ ወይም የሚከብድ ነገር ይሰማሻል?» ይባልላት። አልጋ ላይ በጀርባዋ ተኝታ፣ ጉልበቷን አጥፋ፣ ጭንቅላቷን ቀና ስታደርግ እምብርቷ አካባቢ ጣት ይግባና ክፍተቱ ይለካ። ሁለት ጣትና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ወይም የሚያመልጣት ከሆነ፣ ፊዚዮቴራፒስት ወዳለበት ትላክ። ፊዚዮቴራፒስት እኮ እግር ለተሰበረ ኳስ ተጫዋች ብቻ አልተፈጠረም!

ይኼን ስታነቡ እጃችሁን ሆዳችሁ ላይ ያደረጋችሁ እህቶች እንዳላችሁ እናውቃለን። አድርጉ፤ ለኩት። ነገር ግን ሁሉንም በጡንቻ አታሳብቡ። ወልዳችሁ የማታውቁ ብትሆኑም እንኳን ሆዳችሁ እየጠነከረ ወይም እየጨመረ ከሄደ፣ የወር አበባችሁ ከበዛ፣ ጉብታው ካመማችሁ፣ ማዮማ ወይም የእንቁላል ማቀፊያ ዕጢ ወይም ሄርኒያ ሊሆን ይችላልና ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ኮርሴት ከማጥበቅ በፊት! ስፖርቱም ተአምር አይደለም፤ ጡንቻውን ያጠነክራል፣ የሽንት ማምለጡን የብዙዎችን ይቀንሳል፣ ክፍተቱን ግን የሁሉንም አይዘጋም። ሳይዘጋም ጤነኛ ሆኖ መኖር ይቻላል።

እህታችን አሁን ፊዚዮቴራፒስት አግኝታለች፤ ሦስት ቦታ ጠይቃ። ሁለተኛ ወሯ ነው። ሆዷ ያው ነው ማለት ይቻላል። ባለፈው እሑድ ግን አንዷ ስለ አከራይዋ ስታወራ አብራን ከት ብላ ሳቀች፤ ከወንበሯ አልተነሳችም። እኛም አየነው፤ ማናችንም ግን ምንም አላልንም።

ለአውቶቡስ ተሳፋሪዎች ደግሞ አንድ ነገር። ሴት ቆማ ስታዩ ተነሱላት፣ እግዜር ይስጥልን። ግን አትጠይቋት።